ከሰማይ የታየው ልምላሜ

አንድ ካርታ ሠሪ ነበረ። የሚሠራው ካርታ የመንገድ ወይም የድንበር አይደለም፤ ከመሬት በታች ያለ ውሃ የት እንደሚገኝ የሚጠቁም ነው። ከተማ ካለው ቢሮው ተቀምጦ ሳተላይት ከሰማይ ያነሳችውን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ይዘረጋል። የዓለቱን ዓይነት፣ የመሬቱን ስንጥቅ፣ ተዳፋቱንና የዝናቡን መጠን አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ይሰጣል። ውሃ ይኖርበታል ያለውን ቦታ ሰማያዊ፣ የለበትም ያለውን ቀይ ይቀባዋል። በሙያው ጎበዝ ነበር፤ ካርታው ባመለከተበት ብዙ ቦታ ውሃ ወጥቷል። ሰዎች "ምድርን እንደ መስታወት የሚያይ" እያሉ ያሞግሱት ነበር፤ እሱም ሙገሳውን እየወደደው መጣ።

አንድ ቀን አለቃው አስጠርቶ የአንዲት ቆላ መንደር ጉዳይ ሰጠው። የመንደሯ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት አራት ሰዓት በእግር ተጉዘው ከሚያገኙት ወንዝ ነው። እሱም ቢሆን የደፈረሰ ነው፤ ልጆቻቸው በተቅማጥ ያልቁባቸዋል።

"የቁፋሮ ማሽኑ እዚያ የሚሄደው አንዴ ብቻ ነው" አለው አለቃው። "አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ሌላ ወረዳ ያልፋል። መቼ እንደሚመለስ እግዜር ይወቀው። ቦታዋን አደራ!"

ካርታ ሠሪው ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፋ። በመጨረሻ ሁለት ቦታዎች ቀሩት። አንደኛው ከመንደሩ ማዶ የደረቀ ጅረት የሚታጠፍበት ሥፍራ ነው፤ ሁለተኛው በመንደሩ መግቢያ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ነጥባቸው እኩል ለእኩል ሆነበት። ያን ጊዜ በበጋ የተነሱትን ምስሎች ከፈተ። አገሩ ሁሉ እንደ ተቆላ እህል ጠቁሯል፤ ሜዳው ላይ ግን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች። የአሥር ዓመቱን ምስል በተራ ሲያገላብጥ ነጥቧ ከዓመት ዓመት እየሰፋች መጥታለች።

"በዚህ ሐሩር የሚለመልም ዛፍ ሥሩ ውሃ አግኝቷል ማለት ነው" አለ ለራሱ። ልቡ በደስታ ዘለለ።

እርግጥ ደንብ አለ። ካርታው ከመጽደቁ በፊት ቦታው ድረስ ሄዶ በዓይን ማየት፣ ነዋሪውን መጠየቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪናም ጋራዥ ገብታ ነበር። ስለዚህ ለቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ ደወለ።

"በመንደራችሁ መግቢያ፣ ሜዳው ላይ ዛፍ አለ?"

"አለ ጌታዬ፤ ሾላ ነው።"

"በበጋም ይለመልማል?"

"ኧረ ይለመልማል! በበጋም አረንጓዴ ነው።"

ካርታ ሠሪው አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። "የመስክ ማረጋገጫ" በሚለው ቅጽ ላይም "ተረጋግጧል" ብሎ ፈረመ። ሊጠይቀው የሚገባ ሦስተኛ ጥያቄ ነበረ፤ አልጠየቀውም። ሜዳውን ሰማያዊ ቀባው፤ ማሽኑም ወደዚያው ተጫነ።

ቁፋሮው በተጀመረ በአራተኛው ቀን የቆፋሪዎቹ አለቃ ደወለለት።

"ሁለት መቶ ሜትር ወረድን" አለ። "አቧራ ነው። እርጥበት እንኳ የለውም።"

"ትንሽ ጨምሩ እስቲ።"

"የምንጨምረው የለም ወንድሜ። ዓለቱ ደረቅ ነው፤ ነገ ዕቃችንን ጭነን እንወጣለን።"

ካርታ ሠሪው ተመልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መሣሪያውን ጠረጠረ፤ ምስሉን ደጋግሞ መረመረ፤ አንድም ስህተት አላገኘበትም። በሳምንቱ ፈቃድ ወስዶ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግሩ መንደሩ ድረስ ሄደ። ያን ጊዜ የረዘመበት መንገድ ዛሬ አልረዘመበትም።

ሜዳው ላይ የጠበቀው የተከመረ ግራጫ ትቢያ፣ አፉ የተዘጋ የብረት ቱቦና አሥራ አንድ ጉቶ ነው። ለማሽኑ ቦታ ለማመቻቸት ሾላዎቹ ተቆርጠዋል፤ ዳር ዳሩን ጥቂቶች ቀርተዋል። እሱ ቆሞ ሲያይ ከወንዝ የሚመለሱ ሴቶች ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ደረሱ። እያንዳንዷ ሸክሟን አወረደች፤ አንድ አንድ ጣሳ ቀድተውም አንዷ ከቆመ ዛፍ ሥር፣ ሌላዋ ጉቶ ላይ አፈሰሱ። ከመካከላቸው እትዬ አንጓች የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። ካርታ ሠሪው ወደ እሳቸው ቀረበ።

"እናቴ፣ ጉቶ ለምን ያጠጣሉ?"

"ድርሻዋ ነው" አሉ እትዬ አንጓች።

"የማን ድርሻ?"

"የልጄ፣ የትርንጎ።" ጣሳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "በኛ አገር ልጅ የሞተበት ቤት እዚህ ሜዳ ላይ ሾላ ይተክላል። ሞተ ተብሎ የውሃ ድርሻው አይቀርበትም። ከወንዝ ስንመለስ መጀመሪያ ለነሱ አንድ አንድ ጣሳ እናጠጣለን፤ የተረፈውን ይዘን እንገባለን። ትርንጎ አራት ዓመቷ ነበር። ውሃ፣ ውሃ እንዳለች ነው የሄደችብኝ።"

ካርታ ሠሪው ትቢያው ላይ ቁጭ አለ። ከዓመት ዓመት ስትሰፋ አይቶ የፈነደቀባት ነጥብ ምን እንደነበረች አሁን ገባው። ዛፎቹ የጠጡት ከምድር ሆድ አይደለም፤ ከእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ነጥቧ በሰፋች ቁጥር አንድ ቤት ልጅ ቀብሯል።

"ታዲያ ሊቆርጡ ሲመጡ ለምን ዝም አላችሁ?" አለ። "ይህን ልምላሜ የምናጠጣው እኛ ነን ብትሉ፣ ማሽኑን አስቆመው ነበር እኮ!"

እትዬ አንጓች በመገረም አዩት።

"ቆፋሪዎቹ ውሃውን ያየው ሰው ከሰማይ ነው ያየው አሉና! ከሰማይ የሚያይ ሰው ጣሳችንን ሳያይ ይቀራል ብለን እንዴት እንጠርጥር? አንድ ሽማግሌ 'ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ብቻ' ቢሉ የተቆጣኋቸው እኔ ነኝ። ለሞቱት ብለን ያሉትን አንበድል፣ የኔን መጀመሪያ ቁረጡ ያልኩም እኔው ነኝ።" ቀጥለውም፣ "ያየኸው አንተ ነህ እንዴ?" አሉት።

"እኔ ነኝ እናቴ። ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ አንጓች ይቅር ብያለሁም አላሉም፣ አልሰደቡትምም። ጎንበስ ብለው ከጄሪካናቸው አንድ ጣሳ ቀዱ። "መንገደኛ ነህ፤ ከንፈርህ ደርቋል" ብለው ሰጡት። ውሃው ደፍርሶ ጠላ መስሏል። ካርታ ሠሪው የአራት ሰዓት መንገድ የተሸከሙትን ውሃ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣው፤ እየጠጣም አለቀሰ።

ወደ ቢሮው ሲመለስ "ተረጋግጧል" ብሎ የፈረመው ሐሰት መሆኑን ለአለቃው በጽሑፍ ተናዘዘ። ከማዶ ያለው ሌላው ቦታ ይቆፈር ብሎም ለመነ። ማሽኑ ሌላ ወረዳ ነው፣ ተራ ጠብቁ የሚል መልስ መጣ። ያ ቦታ ውሃ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ካርታ ሠሪው በየበጋው የዚያችን ሜዳ ምስል ይከፍት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴዋ ነጥብ ጠብባ አያት። በአራተኛው ዓመት ግን ከድሮዋም ሰፍታ ብቅ አለች። አንድ የሥራ ባልደረባው ከጀርባው ቆሞ ተመለከተና፣ "እሰይ! አገሩ ለምልሟል፤ ዝናቡ ደግ ሆኖላቸዋል ማለት ነው" አለ።

ካርታ ሠሪው ስልኩን አንስቶ ለሊቀመንበሩ ደወለ።

"ሜዳው ላይ ሾላው በዝቷል" አለ። "ማን ተከለው?"

"የተቆረጡት ከጉቷቸው አቆጥቁጠዋል፤ የተቀሩት አዲስ ናቸው" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ማሽኑ በሄደ ዓመት፣ በክረምቱ ተቅማጥ ገብቶብን ነበር ጌታዬ" አሉ ቀጥለው። "ሕፃናት ናቸው። ዘጠኝ ናቸው።"

"ስማቸውን ይንገሩኝ" አለ ካርታ ሠሪው። ወረቀት ስቦም ዘጠኙን ስም አንድ በአንድ ጻፈ።

ወዳጆቼ፣ ሳተላይቷ አልዋሸችም፤ አረንጓዴውን አረንጓዴ ነው ያለችው። የበደለው "ማን አጠጣው?" ሳይል የፈረመው እጅ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም፤ ለተማረም ነው። ደግሞ አዋቂ መጣ ብለን በእጃችን ያለውን እውነት የምንውጥ እኛም ከበደሉ ነፃ አይደለንም። የእትዬ አንጓች አንድ ቃል የአሥር ዓመት ምስል ያልተናገረውን ይናገር ነበር። ከሩቅ ለምልሞ የሚታይ ሁሉ ምንጭ ላይ አልተተከለም፤ አንዳንዱን የሚያጠጣው ሐዘን ነው። ፊቱ ፈክቶ ስላያችሁት "እሱስ ደልቶታል" ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው የለም? ጠጋ ብላችሁ ማን እንደሚያጠጣው፣ ከየት ቀድቶ እንደሚያጠጣው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?