ሰባት ጊዜ የተበየደው ብስክሌት

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የራሱ የብረት ብስክሌት ሰባት ጊዜ ተሰብሮ ሰባት ጊዜ ተበይዷል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹም የረገፉት ከዚያው ላይ ወድቆ ነው። «እሱስ በያጅ አለው፤ እኔን የሚበይደኝ አጣሁ» እያለ በራሱ ይስቃል።

አንድ እሑድ፣ በአጥራቸው ጥግ እንዲሠራ ያስጠጉት ባለሀብት አቶ ደምመላሽ ካርቦን ከሚባል ቀላልና ውድ ቁስ የተሠራ ብስክሌታቸውን እንደ ልማዳቸው መኪናቸው ጣሪያ ላይ አስረው መጡ።

«ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጭረት እንኳ አልነካውም» አሉት ደንበኞቹ ፊት። «ከብረትና ከካርቦን የትኛው ዕድሜ አለው? ብረት ካልክ አጥሬን ትለቃለህ።»

ጠጋኙ ባዶ ድዱን በምላሱ ዳሰስ አደረገ።

«ካርቦኑ ነዋ፣ ጋሼ። የእኔ ብረት የተሰበረው እኔን ከነድንች ጆንያዬ ተሸክሞ ነው፤ የእርስዎን ግን መኪና ይሸከመዋል። እኔንም ስድስት ዓመት መኪና ቢሸከመኝ ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ በሙሉ ጥርሴ እስቅ ነበር።»