በወደብ ከተማ ደጋ የፈለገው ሰው

ሰፈር ማለት ብዙ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት፣ በቤቶቹም ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ከሌላው ቦታ ሁሉ የእኛ ይሻላል ብለው የሚያምኑበት የከተማ ክፍል ነው። መሪጌታ ላእከ ማርያም ይህን በእርጋታ ከተናገሩ በኋላ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው አናጢ፣ ይመር፣ ነገሩ ገብቶት እንደሆነ ለማየት ቀና አሉ። ይመር ራሱን ነቀነቀ።

ይመር የመጣው ምክር ፈልጎ ነበር። ሚስቱ ተጣልታው ወደብ ከተማ ወደ አክስቷ ከሄደች አምስት ወር ሆኗታል። በቅርቡ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል፣ ሽማግሌ እንዳይልክ፣ ራሱ እንዲመጣ፣ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ድረስ ብቻ እንደምትጠብቀው ልካበታለች። ይመርም ለመሄድ ቆርጧል። የቀረው ነገር ቢኖር እዚያ ሲደርስ የትኛው ሰፈር ቢያድር እንደሚሻል መወሰን ነው። ይህን ሲያጣራ አራት ሳምንት አልፎታል። ሹፌሮቹን ጠየቀ፣ ጨው ነጋዴዎቹን ጠየቀ፤ ሁሉም የተለያየ ሰፈር ነገሩት። መሪጌታ በወጣትነታቸው ሁለት ዓመት በዚያ ከተማ መኖራቸውን ሲሰማ፣ የመጨረሻውን ቃል ከሳቸው ልስማ ብሎ መጣ።

«የኔታ፣ እርስዎ ቢሆኑ የት ያድራሉ?» አላቸው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። የደጋ ሰው ነው፤ ገብሱም በጉም የተረፈው ሀብታም ገበሬ። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። የአባታቸው ተዝካር ሲወጣ ሁለቱ በርስት ተጣሉና፣ ታላቁ በእድምተኛው ሁሉ ፊት «አባቴ የወለደው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ» አለ። ታናሹ የያዘውን ዋንጫ መሬት አስቀምጦ ወጣ። ወጥቶም ከአገር አገር ሲዞር በመጨረሻ የመርከብ ሠራተኛ ሆነ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈና ደብዳቤ መጣ። ታናሹ ነው የጻፈው። መርከባችን የመስቀል ማግስት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወደቡ ላይ ትቆማለች፤ መጥተህ ከጠበቅኸኝ ሻንጣዬን ይዤ እወርድና አብረን አገራችን እንገባለን፤ ካላየሁህ ግን ያን ጊዜ የተናገርከው ቃል ዛሬም እንደ ጸና ነው ብዬ በዚያችው መርከብ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም አልጽፍም ይላል።

ደብዳቤው ሲነበብለት ሰውየው አለቀሰ። በቅሎውን አስጭኖም ወዲያው ተነሣ። ወደቡ የደረሰው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ዘገየ ብሎ ሊወቅሰው የሚችል የለም።

በመጀመሪያው ቀን ከመርከቦቹ ፊት ለፊት ከአንዲት ባልቴት ቤት አደረ። በሩ ሲከፈት የመርከብ ገመድ እጅ ላይ የሚገባ ይመስላል። ባልቴቲቱ ሻይ አቀረበችለትና ምን እንዳመጣው ጠየቀችው፤ ሁሉንም ነገራት። ነገሩ ደስ አሰኛት።

«ታዲያ ሲወርድ መጀመሪያ ምን ልትለው አሰብህ?» አለችው።

ሰውየው ጥያቄውን ሰማ። ከዚያ ክፍሉ ዓሣ ዓሣ እንደሚሸት ልብ አለ። እንዲህ ባለ ቤት የስንት ዓመት ወንድም አይቀበሉበትም አለና ጓዙን ይዞ ወጣ።

ከዚያ በገበያው ሰፈር አንድ የቅመም ነጋዴ ቤት ገባ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የሚሸተውም ቅርንፉድ ነው። ነጋዴው ራሱ አምስት ወንድሞች ያሉት ሰው ስለነበር ነገሩ ውስጡ ገባና፣ እግሩ ላይ ትወድቃለህ ወይስ እንዲያው ዝም ብለህ ታቅፈዋለህ ሲል ጠየቀው። ሰውየው ይህን ጊዜ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን አየ። በዚህ ሙቀት ሰው አይኖርም ብሎ ለቀቀ።

ሦስተኛው የሹማምንት ሰፈር ነበር፤ ዛፍም ጥላም ሞልቶታል። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሁለት ቀን ምንም ሳይጠይቅ አሳደረው። በሦስተኛው ጠዋት ሰውየው ራሱ ታሪኩን አጫወተው። ጸሐፊው እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ቃል የተናገሩት ሞቅ ብሎዎት ነው ወይስ በደህናዎ?» አለው። ሰውየው ወፎቹ አላስተኛ እንዳሉት ነግሮት ተሰናበተ።

እንግዲህ ሰው ሲቸገር ወደ ልማዱ ይመለሳል። በዚህ ሰው አገር ደህና ሰው የሚኖረው ከፍታ ላይ ነው። ቆላ የሚወርደው ወይ የጠፋ ከብት የሚፈልግ ነው፣ ወይ ራሱ የሚፈለግ። ስለዚህ አንዱን ኩሊ አስቆመና የዚህ ከተማ ደጋው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው። ኩሊው ዞር ዞር ብሎ ከተማውን አየው። ከተማው እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው።

«እዚህ እኮ አባቴ፣ ሣጥን ላይ የቆመ ሁሉ ደገኛ ነው» አለው።

በኋላ ግን አዘነለትና ከጨው ማምረቻው ማዶ ያለችውን ጉብታ አሳየው።

ጉብታዋ ላይ ሦስት ቤቶች ነበሩ። የአንደኛው ባለቤት ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነፋስ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አለ አሉት። እሳቸው በበኩላቸው ምንም አልጠየቁትም። ሰውየው ትክክለኛውን ሰፈር ማግኘቱን ያወቀው በዚህ ነው። ነፋሱም እውነት ነበር። ባሕሩ በሙሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል፤ መርከቧ ስትመጣ ከከተማው ሰው ሁሉ በፊት ያያታል። አገሩን ከለቀቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ።

በቀጠሮው ጠዋትም ከሁሉ በፊት አያት። አዲሱን ጋቢ ለበሰና ወረደ። ከጉብታው ግርጌ ሲደርስ መንገዱ የለም። ሲመጣ እግሩ ሳይርስ የተሻገረው አሸዋ ባሕር ሆኗል። ደገኛ ባሕርን የሚያስበው እንደ ሐይቅ አንድ ቦታ ተኝቶ የሚኖር ነገር አድርጎ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሰው መንገድ ላይ እንደሚወጣ ማን ነግሮት። እየሮጠ ተመለሰ።

«ውሃው መንገዱን እንደሚይዘው ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው ሽማግሌውን፣ እየጮኸ።

«የጠየቅኸኝ ስለ ነፋስ ነው» አሉት።

ጀልባ ቢፈልግ ጀልባዎቹ በሙሉ መርከቧን ከበዋል። ስለዚህ ውሃው ዳር ቆሞ ያይ ጀመር። መርከቧ ተጠጋች፤ ገመድ ተጣለ። አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ወረደና ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ጋቢውን አውልቆ አውለበለበ። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ የጨው ክምር ነውና፣ አንድ ነጭ ነገር ተጨመረ ብሎ ማንም ልብ አላለውም።

ያን ጊዜ ስድስት ቀን ሙሉ ሲሸሸው የነበረው ቃል መጣለት። «አባታችን የወለደው ሁለት ነው» ብሎ ጮኸ። ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ደጋገመው። ነፋሱ ግን ከወደቡ ወደ ጉብታው ነበር የሚነፍሰው።

ውሃው ሲሸሽ እየሮጠ ተሻገረ። ሲደርስ ከመርከቧ የሚታየው ጭሷ ብቻ ነው። ኩሊዎቹን ጠየቃቸው። አንድ ሰው ሦስተኛው ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እንደቆየ፣ ከዚያም ማንንም ሳያናግር ተነሥቶ እንደገባ ነገሩት። ሰውየው ወደ ጉብታው ተመለሰ። ነፋሱ በጣም ጥሩ ነበር።

መሪጌታ ይህን ከጨረሱ በኋላ ወደ ይመር ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ» አሉት። «ልዩነታችሁ ያንተ መርከብ ገና አለመሄዷ ነው። እሱ ሰፈር ይቀያይር የነበረው ዓሣው ሸትቶት፣ ቆርቆሮው አቃጥሎት አይደለም፤ ለወንድሙ የሚለው ቃል ጠፍቶት ነው። አንተም ሚስትህ በሩን ስትከፍት የምትላትን አላገኘህም፤ አራት ሳምንት ማደሪያ የምታጣራው ለዚህ ነው። ቃሉ ደግሞ ጥሩ ሰፈር በማደር አይገኝም። የት ልደር ካልከኝ፣ ስታንኳኳ ልትሰማህ የምትችልበት ቦታ እደር።»

ይመር የሚስቱ አክስት የምትኖርበትን ሰፈር በስሙ ጠራና ትንኝ ይበዛበት እንደሆነ ጠየቀ።

«በጣም ይበዛበታል» አሉት መሪጌታ።

ይመር ማክሰኞ ዕለት ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። የሁለቱም ፊት አብጦ ነበር።