እንግዳ ማታ፣ ገዢ ጠዋት

አንድ በባሕር መሀል ያለች፣ ሙቀትና ዝናብ የማይለያት ትንሽ አገር ነበረች። ካርታ ላይ ሲያዩዋት ዝንብ ያረፈ ነው የሚመስለው። ሕዝቧ የሚኖረው በኮኮናት ነው፤ ኮኮናቱን የሚገዛው ደግሞ አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር።

በዚያች አገር ከእንግዳ ጋር ዋጋ መከራከር ትልቅ ነውር ነው። በባሕር የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው። ስለዚህ ነጋዴው መርከቡን ባቆመ ቁጥር ይጋበዛል፣ ይዘፈንለታል፣ ከዚያም ደስ ያለውን ዋጋ ተናግሮ ጭኖ ይሄዳል። ሲመለስ ዘይትና ሳሙና ይዞ ይመጣል፤ የዚያንም ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው። እንዲህ የተመቸው እንግዳ ከየት ይገኛል?

ሊቲያ የምትባል ወጣት ንግሥት በነገሠች ዓመት ነጋዴው ሳሙና በስጦታ አበረከተላት። አሸተተችው። የገዛ ጓሮዋ ኮኮናት ሽታ ነበር። በጣም ተናደደች፤ ንዴቷን ግን ለእንግዳ አላሳየችም። እሱ እንደሄደ ሽማግሌዎቹን ሰብስባ፣ ከእንግዲህ ዋጋውን እኛ እንናገር፣ እምቢ ካለ ዘይቱን ራሳችን እናወጣለን አለች። ለፀጉራቸው የሚሆን ዘይትማ ድሮም ያወጡ ነበር፤ ይሸጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ኃይለኛ የነበረው ቶማሲ፣ ምርቱ ቢበሰብስ ዙፋኑን እንደምትለቅ አስጠነቀቃት። እሷም ተስማማች።

መርከቡ በመጣ ማታ ነጋዴው እንደ ወትሮው ተጋበዘ። ጠዋት ቤተ መንግሥት ሲሄድ ንግሥቲቱ የለችም። ገበያ መሀል፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ማታ እንግዳችን ነበሩ፤ አብልተን አጠጥተንዎታል» አለችው። «አሁን ግን የመጡት ገበያ ነው። እዚህ ዋጋ የሚናገረው ባለቤቱ ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። «እንግዲያው ምርታችሁ እዚሁ ይበስብስ» ብሎ አንድም ኮኮናት ሳይጭን ሄደ።

ሕዝቡ ደነገጠ። ንግሥቲቱም ፈርታለች፤ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ኮኮናት መፋቅ ጀመረች። ይህን ያየ ሁሉ አጠገቧ ተቀመጠ። የሚፍቀው ፋቀ፣ የሚጨምቀው ጨመቀ፣ የሚያፈላው አፈላ፤ ከዘይቱም ገሚሱን በአመድ ውኃ አፍልተው ሳሙና አደረጉት። ብዙ ወር ሆዳቸውን አስረው አሳለፉ። ዘይቱንና ሳሙናውን በራሳቸው ጀልባ ጎረቤት ደሴቶች ወስደው ሸጡ። ከኮኮናቱ አንድም ፍሬ አልበሰበሰም።

በዓመቱ ነጋዴው ተመለሰ። ቤተ መንግሥት አልሄደም፤ በቀጥታ ገበያ ገብቶ ከሳሙናው ክምር ፊት ቆመ። ከክምሩ ኋላ የተቀመጠው ሻጭ ቶማሲ ነበር።

«ዋጋው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ ነጋዴው።

ቶማሲ ደረቱን ነፍቶ ዋጋውን ነገረው። ሂሳቡን ከተቀበለ በኋላ ግን ፈገግ ብሎ፣ «እራት እኔ ቤት ነው፤ እንዳይቀሩ» አለው።

እንግዳ መቀበል ክብራችን ነው፤ ማንም አይንሳን። የላባችንን ዋጋ በራሳችን አንደበት መናገርም እንደዚያው ክብራችን ነው። እርስዎስ፣ የጓሮዎን ፍሬ ዋጋ የሚናገረው ማን ነው?