እመት አህዪትና የላላው መሪ

አንድ ጊዜ፣ አህያ መጫን ትታ መንዳት በጀመረችበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እመት አህዪት የምትባል ሹፌር ነበረች። የጫካው አራዊት እህል በየሳምንቱ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዝ ማዶ ወዳለው ገበያ ይሄዳል። ድሮ ይህን እህል የምታወርደው እሷው ነበረች፣ በጀርባዋ። አንበሳ ነጭ ፒካፕ ካስመጣ ወዲህ ግን ጆንያው ከኋላ ሆነ፣ እሷ ደግሞ መሪ ጨበጠች። የጭነት ቁስሏ ድኖ ፀጉር አብቅሏል። አንዳንዴ በመስታወቱ ጀርባዋን አየት ታደርግና ለብቻዋ ደስ ይላታል።

እመት አህዪት አንድ ጠባይ ነበራት፤ ያልገባትን ነገር «ለምን?» ብላ ሳትጠይቅ አታልፍም። ጫካው ይህን ሞኝነት ይለው ነበር። ጫካው ስለ አህያ ብዙ ይላል።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን የመኪናዋ መሪ መላላት ጀመረ። ወደ ግራ ስታዞረው መኪናዋ ትንሽ አሰብ ካደረገች በኋላ ነው የምትታዘዘው። ቀጥ አድርጋ ስትይዘው ደግሞ ወደ ቀኝ መሄድ ታበዛለች። ከሥር ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። በገበያው ቀን፣ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ እመት አህዪት መሪውን በኃይል ጠመዘዘችው፤ መኪናዋ ግን አልሰማቻትም። በፍሬን ነው የተረፉት። የፊት ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ከላይ የነበሩ ሁለት ጆንያዎች ተንከባልለው ወደ ታች ወረዱ። በቀሩት ላይ የተኛው አያ ጅቦ እንኳን አልነቃም።

ከጎኗ የተቀመጠው አንበሳ ጎፈሩን አስተካከለ።

«እመት አህዪት» አለ በዝግታ። «እስከሚቀጥለው ገበያ መኪናዋ ትሠራ። ካልሆነ ጆንያው ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል።»

የድሮ ቦታው የት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጀርባዋ ቀድሞ ሰምቶ ተንዘፈዘፈ።

በማግሥቱ መኪናዋን ግቢዋ ውስጥ፣ አጥሩ ጥግ አቁማ ዙሪያዋን ስትዞር ቀበሮ መጣች።

«የመኪና ነገር እኔን ጠይቂኝ» አለች ቀበሮ። «ችግሩ ጆሮሽ ነው።»

«ጆሮዬ?»

«ረጅም ነው፤ ነፋስ ይይዛል። የቀኙ ደግሞ ትንሽ ይበልጣል፤ ለዚህ ነው ወደ ቀኝ የምትስባችሁ። እንደ እኔ መጠነኛ ጆሮ ያለው ቢነዳት ቀጥ ትል ነበር።»

ሌላ ብትሆን ትቀየም ነበር። እመት አህዪት ግን ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን ማየት አማራት። ሁለቱን ጆሮዎቿን በገመድ አስራ፣ መኪናዋን ሜዳው ላይ አንድ ዙር ነድታ ተመለሰች።

«ጆሮዬ ታስሮም ወደ ቀኝ ሄደች» አለች።

«እንግዲያው ጅራትሽ ይሆናል።»

«ጅራቴ ከኋላ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ከፊት ነው። ከሥር ብናያትስ?»

ይህን ጊዜ ቀበሮ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ አላትና ሹልክ ብላ ሄደች። እመት አህዪት አካሄዷን ልብ አለችው።

ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባች። የፊቱን በክሪክ አነሳችና፣ ክሪኩ ቢከዳት ብላ ወፍራም ግንድ ከሥሩ ደገፈች። ከዚያ በሆዷ ተስባ ገባች። ከመሪው የሚወርደው ኃይል በዘንጎች በኩል ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል፤ ዘንጎቹ በሚገናኙበት ሁሉ እንደ ጉልበት የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አለ። ከእነዚህ አንዱ አልቋል ማለት ነው። የትኛው? ሁሉም ጭቃ ለብሰው አንድ ዓይነት መስለዋል። ያለቀው የሚለየው መሪው ሲነቀነቅ ነው። መሪውን ለመነቅነቅ ስትወጣ ከሥር የሚያይ የለም፤ ለማየት ስትገባ ከላይ የሚነቀንቅ የለም። ወጣች፣ ገባች፣ እንደገና ወጣች፤ በመጨረሻ ደክሟት ተቀመጠች።

በአጥሩ በኩል አያ ጅቦ ብቅ አለ። ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ተባበረኝ» አለችው። «እኔ መሪውን ልነቅንቅ፤ አንተ ከሥር ሆነህ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚዘል ንገረኝ።»

ጅብን ከላይ አስቀምጣ ራሷ ከሥር ለመተኛት የሚያበቃ እምነት አልነበራትም። አህያ ናትና አይፈረድባትም።

አያ ጅቦ የገዛ ዋሻው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ ዘው አለ። እመት አህዪት ገና ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ከሥር ድምፁ መጣ።

«የቀኟ ናት።»

«ገና መሪውን አልነካሁም እኮ።»

«ቢሆንም የቀኟ ናት። የግራዋ ገና ትንሽ አላት። የመሃሏን ማንም አልነካትም። የቀኟ ግን ባዶዋን ቀርታለች።»

መሪውን ነቀነቀችው። ቋ አለ።

«ይኸው ዘለለች። አላልኩሽም?» አለ ጅቦ።

እመት አህዪት ወርዳ አንገቷን ወደ መኪናዋ ሥር ሰደደች። «አያ ጅቦ፣ ሳላንቀሳቅሳት ባዶ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኛ የላስኳት» አለ ጅቦ፣ ባለሙያ ሲጠየቅ እንደሚኮራ ኮራ ብሎ። «ላስቲኳን በክራንቻዬ ከፈት አደርጋለሁ፣ ከዚያ በምላስ ነው። ግሪስ ነው የምትሉት? ከበግ ላት አይተናነስም። የቀኟ ለአጥሩ ስለምትቀርብ ቀድሜ የጨረስኩት እሷን ነው።»

እመት አህዪት ተናደደች። እስከ ኋላ እግሯ ድረስ ተናደደች፤ ኮቴዋም ለአንድ ርግጫ ተሰናድቶ ነበር። ግን ከቁጣዋ ይልቅ ለማወቅ መጓጓቷ ቀደመ።

«እዚህ ሥር ስብ እንዳለ ማን ነገረህ?»

«ቀበሮ ናታ። ‹ዶሮዎቼን ተውልኝ፤ እመት አህዪት ግቢ፣ መኪናዋ ሥር የማያልቅ ስብ አለልህ› አለችኝ። አለቀ እንጂ።»

የጆሮው ነገር አሁን ገባት። ቀበሮ ዓይን ሁሉ ወደ ጆሮ እንዲያይ የፈለገችው፣ ወደ ሥር እንዳያይ ኖሯል።

«ግሪሱ እኮ እንዲበላ የተቀመጠ አይደለም» አለችው። «ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ነው።»

«ቢፋጭስ ምን ይሆናል?»

እመት አህዪት ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። አያ ጅቦ በቃል የተነገረው ነገር ሆዱን አልፎ ወደ ጭንቅላቱ እንደማይደርስ ታውቃለች። «ዕቃው ሲመጣ አብረን እንቀይረዋለን፤ ያኔ ታያለህ» አለችው።

ጦጣ አንድ ጆንያ በቆሎ ይዛ ከተማ ወርዳ፣ ከመለዋወጫ ሠፈር ሁለት አዳዲስ መገጣጠሚያዎች አመጣች። የግራውም ላስቲክ ስለተቀደደ ሁለቱንም መቀየር ይሻላል ተባለ። እመት አህዪት ጎማውን አውልቃ፣ መገጣጠሚያውን የሚያስረው ዳዶ እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ መዘዘች፤ ዳዶውን ፈታች፤ የመገጣጠሚያውን ጎን በመዶሻ ደጋግማ መታች። አሮጌው ግን አልላቀቅ አለ። በመጨረሻ ጅቦ በመንጋጋው ነክሶ ሲጎትተው በጎማው በኩል ተፈናጥሮ ወጣ፤ በዘንጉ በኩል ግን ገና እንደተያያዘ ነው። በጅቦ እጅ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር። ከዘንጉ ላይ ከመፍታቷ በፊት እመት አህዪት ምን ያህል እንደገባ በከሰል ምልክት አደረገችበት።

«ይሄ ደግሞ ለምን?» አለ ጅቦ። በሕይወቱ ከሆዱ ውጪ ስለሆነ ነገር «ለምን?» ሲል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አዲሱ አሮጌው የነበረበት ድረስ ካልገባ፣ ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ መንገድ ያያሉ።»

አዲሱን አስገብታ፣ አጥብቃ፣ አዲስ ሽቦ አሰረችበት፤ ግሪሱንም ሞላችው። በግራም እንዲሁ አደረገች። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

የገበያው ቀን ደረሰ። አንበሳ እንደ ወትሮው መሃል ወንበር ላይ ተሰየመ። ቀበሮ ደግሞ ማንም ሳይጠራት መስኮቱ አጠገብ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

«ቀበሮ፣ አንቺ ከኋላ ነሽ» አለች እመት አህዪት። «ከፊት የሚቀመጠው አያ ጅቦ ነው።»

«ለምን?» አለ አንበሳ።

«መኪናዋን ከሥር የሚያውቃት እሱ ነው፣ ጌታዬ። ከላይም ይያት ብዬ ነው።»

ቀበሮ እያጉረመረመች ጆንያው ላይ ወጣች። መኪናዋ ቁልቁለቱን ጀመረች። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እመት አህዪት ቀስ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ወደ ታች ተመልከት።»

ጅቦ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ከታች፣ በጣም ከታች፣ የተቀደዱት ሁለት ጆንያዎች ድንጋዩ ላይ ተዘርረዋል፤ ዝንጀሮዎች እህሉን ይለቅማሉ። ዝንጀሮዎቹ ጉንዳን አክለው ነው የሚታዩት። ጅቦ አንገቱን መለሰ።

«ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«ከኋላ፣ ጆንያው ላይ ተኝተህ።»

«የቀኟን ጨርሼ?»

«የቀኟን ጨርሰህ።»

እመት አህዪት መሪውን ወደ ግራ አዞረች። መኪናዋ ሳትዘገይ፣ ቋ ሳትል፣ ታጠፈች። አያ ጅቦ ግን መታጠፊያው ካለፈም በኋላ የበሩን እጀታ አልለቀቀም።

«ስቡ ሆዴ ውስጥ እንዳለ አብሮኝ ሊወርድ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

አንበሳ ወደ እሱ ዞረ። «የምን ስብ?»

እመት አህዪት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ቀበሮ በአቧራ ተሸፍና ጆንያውን በአራት እግሯ ሙጭጭ ብላለች፤ ጆሮዋን ነፋስ ወደ ኋላ አጥፎታል።

«ገበያ ስንደርስ ቀበሮ ትነግርዎታለች፣ ጌታዬ» አለች።

ያን ቀን ጆንያዎቹ በሙሉ ወንዝ ማዶ ደረሱ፤ አንዳቸውም በእመት አህዪት ጀርባ ላይ አልተጫኑም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉ የተሳፈረበትን መኪና ስብ ተደብቆ የሚልስ፣ መኪናዋ ገደል ስትገባ ለብቻው የሚወርድበት በር እንደሌለው ነው።