አያ ጅቦና የሕሙማን ቤት ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ፍል ውሃ ከመሬት እየተንፈቀፈቀ በሚወጣበት የቆላ ሸለቆ ውስጥ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም ተስማምቶ የሚኖርበት አገር ነበር። ተስማምቶ ስል እንግዲህ እንደነገሩ ነው፤ አህያ ጅብ ሲያዛጋ ካየች ዛሬም ድረስ መንገድ ትቀይራለች። ያም ሆኖ አብረው መኖር ግድ ሆነባቸው፤ የዚያ ሸለቆ ምድር አመለኛ ነዋ። በየጥቂት ዓመቱ ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ይኼ ሥጋ በል ነው፣ ያኛው ሣር በል ነው ብሎ አይመርጥም።

ድሮም የሕሙማን ቤት ነበራቸው። አያ አንበሶ ለክብሬ የሚመጥን ይሁን ብሎ በትላልቅ ድንጋይ ያሠራው፣ ጣሪያው እንኳ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሆነ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ቤት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምድር ነቅነቅ ስትል ያ የሚያስፈራ ቤት ዱቄት ሆነ። ደግነቱ ሕሙማኑ በሙሉ ውጭ ፀሐይ እየሞቁ ስለነበር የሞተ የለም። መድኃኒቱ ግን ከየመደርደሪያው እየወደቀ ፈሰሰ፤ የውሃው እንስራም ተሰባበረ። በዚያው ቀን እግሩ የተሰበረው፣ ጎኑ የተመታው ሁሉ ሲመጣ የሚገባበት አጣ። ቤቱ ከሁሉ ቀን ይልቅ በሚያስፈልግበት ቀን ቤቱ አልነበረም።

በጉባኤው ላይ የተነሣችው እመት አህይት ናት። የዚያን ቤት ድንጋይ አንድ በአንድ በጀርባዋ ያመላለሰች እሷ ስለሆነች ነገሩ ከማንም በላይ ከንክኗታል። ድንጋይ ኩሩ ነው፣ ጎንበስ ማለት አያውቅም፣ ምድር ስትወዛወዝ አብሮ የማይወዛወዝ ቤት ደግሞ መውደቁ አይቀርም አለች። አዲሱ ቤት በእንጨት ይሠራ፣ ጣሪያው በሣር ይከደን፣ ቋሚውና ወጋግራው በሚገናኝበት ሁሉ በጠፍር ይታሰር፤ ጠፍር ይሳባል እንጂ አይሰበርም። የመድኃኒቱም ቅል ከግድግዳው ጋር ይታሰር፣ የውሃው ጋን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ በሩም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢጣመም በሌላው ይወጣል። ንግግሯን በተረት ልትዘጋ ፈልጋ «ድር ቢያብር» ብላ ከጀመረች በኋላ ዓይኗ ከአያ አንበሶ ዓይን ጋር ቢጋጭባት ቀሪውን ዋጥ አድርጋ ቁጭ አለች።

ጠፍር ከየት ይምጣ? በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ጠግቦ ሲሞት ቤተሰቡ ቁርበቱን አክብሮ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። እናም የበሬ ቤት የአያቱን ሰጠ፤ የድኩላ ቤት የእናቱን ሰጠ፤ ጎሽ ሁለት ሰጠ። የሞቱት ያሉትን ይያዙልን ብለው በደቦ ተሰብስበው ተለተሉት፣ በፍል ውሃ ዘፈዘፉት፣ ቤቱን በእርጥቡ አሰሩት። ጠፍር ሲደርቅ እየጠበቀ ይሄዳልና ቤቱ በሦስተኛው ቀን እንደ ከበሮ ጸና።

አያ ጅቦ ብቻ ባዶ እጁን መጣ። ቁርበት የለኝም፣ በምትኩ ቤቱን በዘብነት ልጠብቅ አለ። ያለ ድርሻ ቀረ እንዳይባል፣ ጉልበቱም ለዘብነት አያንስምና አያ አንበሶ እሺ አለው። እመት ቀበሮ ጅብን ጠፍር ጠብቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት በእጇ ጀርባ አፏን ሸፈን አድርጋ ሳቀች፤ ግን አልተናገረችም። በኋላ ስትጠየቅ ምነው ዝም አልሽ ቢሏት፣ አንበሳ የወሰነውን ማን ያፈርሳል ብላለች። እሷም እንግዲህ ከጥፋቱ ድርሻ አላት።

አያ ጅቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደንብ ጠበቀ። ችግሩ ቀትር ላይ ነው። ቀትር ላይ ያ ሸለቆ ምጣድ ይሆናል፤ ፍጥረት ሁሉ ጥላ ሥር ተኝቶ ሲያንኮራፋ ዘቡ ብቻ ነቅቶ ይቀመጣል። ፀሐዩ የሚመታው ጠፍር ደግሞ ይሸታል። ምን ዓይነት ሽታ መሰላችሁ! አያ ጅቦ እያንጋጠጠ አሸተተ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ልቅመሰው እንጂ አልበላውም ብሎ ላሰው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ? የላሰውን ነከሰ፣ የነከሰውን ዋጠ። ወደ አርባ የሚጠጋ ማሠሪያ ካለው ቤት አንድ ቢጎድል ከዓባይ በጭልፋ መቅዳት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። በባዶው ቦታ ላይ የሣር ገመድ ጠመጠመና እንዳይታወቅበት ጭቃ ለቀለቀው። በማግስቱ ሌላ፣ በሳልስቱ ሌላ። ሰባት በላ። ሰባተኛውን ሲበላማ ጭቃውን እንኳ በወጉ አልለቀለቀውም።

በዚህ መሐል ባለቤቱ እመት ጅቢት ነፍሰ ጡር ሆነች። አያ ጅቦ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጉድጓዳቸው ውስጥ ወልዳ ሁለቱንም ጊዜ ልጅ አላሳደጉም። ልጅ በጣም ይፈልግ ነበር። የጎረቤት ግልገል ሲቦርቅ ካየ የዚያን ቀን ምግብ እንኳ አይበላለትም ነበር፤ ለጅብ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ወጌሻዋ ጃርት፣ መርፌ ፍለጋ የትም የማትሄደው ማለቴ ነው፣ ሆዷን ዳስሳ ይኼኛው በደህና እንዲወለድ ከሕሙማን ቤት ገብታ እስክትወልድ ትተኛ ብላ አዘዘች። አያ ጅቦ ሚስቱን ደግፎ አምጥቶ ጥጉ ላይ፣ ከትልቁ ቋሚ ሥር አስተኛት። ቦታው ነፋሻ ስለሆነ ነው የመረጠው።

ልክ በሳምንቱ ፍል ውሃው መንፈቅፈቁን አቆመ። ምድር ከሥር ታጉተመትም ጀመር፤ ወዲያው ቀለል ያለች መንቀጥቀጥ መጣች፤ ቅሎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። ቤቱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሕሙማኑ እመት አህይትን አመሰገኑ። አያ ጅቦ ግን ቀና ብሎ አየ። ከሚስቱ ራስ በላይ፣ ጭቃው ረግፎ የሣር ገመዱ ፈጥጧል። 

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሚስቱን ከዚያ ቤት ለማውጣት ያላሰበው ሰበብ የለም። አየሩ ይከብድሻል አላት። ጃርት ስታልፍ ትወጋሻለች አላት። ጉድጓዳችንን ጠርጌዋለሁ አላት፣ ጠርጎ የማያውቀውን። እመት ጅቢት ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«ሁለት ጊዜ እዚያ ጉድጓድ ወልጄ ሁለት ጊዜ ቀብሬያለሁ» አለችው። «ሦስተኛውን እዚህ ነው የምወልደው። አንተም ተወኝ።»

ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተዘረፈጠ። እመት ቀበሮ ነገሩን ሁሉ በመስኮት ስትሰማ ቆይታ ኖሮ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ቤት የሚጠብቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ጠንካራ ቤት ነው?»

«እንዴታ።»

«ታዲያ ምድር ስታጉተመትም አገሩ ሁሉ ሕመምተኛውን ወደዚህ ያመጣል፤ አንተ ደግሞ ከዚህ ታወጣለህ። ወይ ሚስትህን ጠልተሃል፣ ወይ እኛ የማናውቀው ነገር አለ።»

ሚስቱንማ ይወዳት ነበር። ብልጥ የሆነ መልስ ፈለገ፤ እሱና ብልጠት ግን ከድሮም አይተዋወቁም። አንገቱን ደፋ።

«ሰባት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ጠፍሩ። በልቼዋለሁ።»

ወሬው ጆሮ ለጆሮ ሳይሆን በሩጫ ተዳረሰ። እመት አህይት እያንዳንዱን ማሠሪያ በኮቴዋ እየፋቀች ዞረች፤ ጭቃው በረገፈ ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር። አንዴ ጨርሼ ሠርቻለሁ ብዬ ሳልፈትሸው መተኛቴ ነው ጥፋቴ እያለች ራሷንም ወቀሰች። በሬ ቀንዱን አሹሎ መጣ፤ ከተበሉት አንዱ የአያቱ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ቢወጋውም የሚፈርድበት አልነበረም። እመት አህይት ግን መሐል ገብታ፣ ጅብን ስትፈራ የኖረችዋ እሷ ራሷ፣ «ጠቡ ይደርሳል» አለች፤ «መጀመሪያ እንሰር።»

በምን ይሰሩት? ያለው ቁርበት ሁሉ ቤቱ ላይ ነው። ሁሉም እርስ በርስ ሲተያይ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ አለኝ፤ የአባቴ ነው። የለኝም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

የአባቱን ቁርበት ይተኛበት ነበር። ከአባቱ የቀረው ነገር እሱ ብቻ ነው፤ ሲሰጥ እያለቀሰ ሰጠ። እመት አህይት ከዳር ጀምራ ዙሪያውን እየዞረች ስታስተለትለው አንድ ረጅም ጠፍር ወጣው። ያን ቀን እስኪመሽ ስድስቱን ቦታ አሠሩ፤ የቆላው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስበት አድሮ አጠበቀው። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን ጠፍር በፍል ውሃ አርሰው ሰባተኛውን፣ ቢለምኗትም አልነሣም ካለችው ከእመት ጅቢት መኝታ በላይ ያለውን፣ ማሠር ጀመሩ። ዞረ፣ ተጠመጠመና ለቋጠሮ ስንዝር ጎደለ። ለካ አያ ጅቦ ልጅ ሳለ የቁርበቱን ጠርዝ ቀማምሶት ኖሯል!

እመት አህይት አንተ ጫፉን ያዝልኝ፣ መቀጠያ ፈልጌ ልምጣ ብላው ወጣች። እመት ጅቢትን ምጥ የያዛት ያኔ ነው። ምድርም ለማንም ምጥ አትጠብቅምና ዋናው መንቀጥቀጥ ያኔውኑ መጣ። ወለሉ እንደ ጀልባ ተነሥቶ ወረደ። ቋሚዎቹ ወዲህና ወዲያ ተወዛወዙ፤ ወጋግራው ጮኸ። የአያ ጅቦ መዳፍ ላብ ላብ ብሎት ጠፍሩ ሲያመልጠው ጊዜ፣ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ነከሰው።

አስቡት እንግዲህ። በፍል ውሃ የራሰ ቁርበት በጅብ አፍ ውስጥ ነው። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ እህል አልቀመሰም። ምራቁ በአገጩ ላይ ይወርዳል፤ ጉሮሮው ዋጠው፣ ዋጠው ይለዋል፤ ጥርሱ ለማኘክ ይንቀጠቀጣል። ቋሚው ሲወዛወዝ አንገቱን አብሮ ይወዘውዘዋል። ዓይኑን ጨፍኖ መንጋጋውን ገጠመ፤ ከሥሩ ሚስቱ ስታምጥ ይሰማል። እወዳታለሁ፣ አልለቅም፣ አልውጥም እያለ በልቡ ይቆጥር ነበር፤ አራተኛ ቃል ስላልመጣለት እነዚያኑ ሦስቱን ደጋገማቸው።

ምድር ጸጥ ስትል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የግልገል ለቅሶ ነው።

«ሰማኸው?» አለች እመት ጅቢት። «ሕያው ነው። ምነው ዝም አልክ?»

እንዴት ይናገር? ዕንባው ብቻ በጢሙ ላይ ወረደ። ምድር ገና ሁለት ጊዜ ደጋግማ ተነቃነቀች፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያ ሰዓት ከሸለቆው ዳር ዳር የተጎዳው ሁሉ ይመጣ ጀመር፤ ድንጋይ የመታው ድኩላ፣ ክንፏ የተሰበረ ቆቅ፣ ገደል ያንሸራተተው ጥጃ። ቅሎቹ አንዱም አልወደቀም፣ ጋኑ እንደተቀበረ ሞልቶ ነበር፣ ወጌሻዋ ጃርትም እየተሯሯጠች ሁሉንም አስተናገደች። የበሬ የልጅ ልጅ ነበር ጥጃው። በሬ ከአያ ጅቦ አጠገብ አልፎ ሲገባ አየውና ዝንቡን ከፊቱ ላይ በጭራው ገፋለት።

እመት አህይት መቀጠያ አግኝታ ቋጠሮውን ስትጨርስ ቀትር ሆኗል። በቃ ልቀቅ አሉት፤ አላመነም። እመት ቀበሮ ቀርባ፣ ለአንድ ጊዜ ያለ ተንኮል፣ ታስሯል ብላ ማለችለት። መንጋጋውን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ሚስቱ ዘንድ ጎንበስ ብሎ እርጥቡን ግልገል አየ፣ አሸተተው፣ ላሰው። ስንት ሰዓት አፉን ዘግቶ ኖሮ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፦

«አልዋጥኩትም።»

አያ አንበሶ በኋላ ፍርድ ሰጠ። ዘብነቱን አልቀማውም፤ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ እመት አህይት እየፋቀች፣ እመት ቀበሮ እየቆጠረች፣ አያ ጅቦ እያንዳንዱን ማሠሪያ ጎትቶ እንዲያሳይ አዘዘ። በዚያ ሸለቆ ምድር ዛሬም ትንቀጠቀጣለች፤ ቤቱም ዛሬም ሲጢጥ ብሎ ይቆማል።

ከዚህ የምንማረው፣ የሕሙማን ቤት የሚጠበቀው ምድር ጸጥ ባለችበት ቀን እንደሆነና ከዚያ ቤት አንዲት ጠፍር የሚፈታም የሚፈታው ከራሱ ሕመምተኛ ራስ በላይ መሆኑን ነው።