ግንበኛው ያቆመው ክኒን

አንድ ስንሻው የሚባል ግንበኛ የደም ካንሰር ያዘው። ደግነቱ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚገታ ዓይነት ነበር። የምታክመው ሐኪም ሳትደብቅ ነገረችው፤ "በየቀኑ ከቁርስ ጋር ይውጡ። ቢሻልዎትም እኔ ሳልነግርዎት እንዳያቆሙ።"

ስንሻው ጠንካራ ሰው ነው። ክኒኑ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዓይኑ ሥር ያሳብጠዋል፣ ባቱን ያኮማትረዋል፤ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ዋጠ። ድንጋይ ማንሳት ሲያቅተው ውሃ ልክ ይዞ የሌሎችን ግንብ ያቀና ነበር። በዓመቱ ደሙ ሲመረመር ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ ሚስቱ ትርንጎ በደስታ አለቀሰች።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስንሻው ሲታመም "ካዳንከኝ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ" ብሎ ተስሎ ነበር። ጾሙ ሲገባ ቁርሱን ተወ፤ ክኒኑንም አብሮ ተወ። ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪሟን ቢጠይቅ ምን ነበረበት? እሱ ግን በልቡ "እግዚአብሔር ካዳነኝ በኋላ ክኒን ብውጥ፣ አላመንኩትም ማለቴ ነው" አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ትርንጎ ያልተነካውን የክኒን ዕቃ አገኘችው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?" አለችና እየተቆጣችም እያለቀሰችም የንስሐ አባታቸው መምሬ ላቀው ዘንድ ይዛው ሄደች።

መምሬ ላቀው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁት። "አርማታ ሞልተህ በማግስቱ ላዩ ደርቆ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ?"

"ውሃ አጠጣዋለሁ አባቴ። ቢያንስ ሰባት ቀን።"

"ደርቋል እኮ፤ ሰው ይሄድበታል።"

"ቢደርቅም ገና አልጠናም። ውሃ ከከለከሉት ይሰነጠቃል።"

"ታዲያ ውሃ የምታጠጣው አርማታውን ስለማታምነው ነው?"

"አይ አባቴ፤ እንዲጠና ብዬ ነው" አለ ስንሻው።

"ልጄ፣ ያዳነህ እግዚአብሔር ነው፤ ክኒኑንም እጅህ ላይ ያኖረው እሱ ነው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አትጨክንም፤ የስለትህን ነገር ለእኔ ተወው። ቀኖናህ ይህ ነው፤ ነገ ጠዋት ሐኪምህ ዘንድ ሄደህ የሆነውን ሳትሸሽግ ንገራት።"

ሄደ። በሽታው ማንሰራራት ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ ተቆጣች፤ ቢሆንም "ሳይረፍድ መጥተዋል" አለችው። ስንሻው በሽታው ከተነገረው ቀን ይልቅ ያን ቀን ፈራ። ያኔ ሞት የመጣበት ሳይጠራው ነበር፤ አሁን ግን በገዛ እጁ በር ከፍቶለታል። ከዚያች ቀን ወዲህ ክኒኑን ሳይውጥ አንድም ቀን አላሳለፈም። ደሙም ከወራት በኋላ ወደ ደህናው ተመለሰ።

ዛሬ ሥራ ቦታ ከሠራተኞቹ ጋር ቁርሱን ይበላና ክኒኑን በሁሉም ፊት ይውጣል። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ "ጋሼ፣ እስካሁን አልዳኑም እንዴ?" አለው።

"ድኛለሁ" አለ ስንሻው፤ "የምውጠው ነገም ድኜ ማደር ስለምፈልግ ነው።"

ወዳጆቼ፣ ከበሽታ መነሳት አንድ ነገር ነው፤ ቆሞ መሰንበት ግን የየቀን ሥራ ነው። ሰጪውን ማመስገንም የሰጠንን መጠበቅ ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እናንተስ "ተሻለኝ" ብላችሁ ያለጊዜው የተዋችሁት ምን አለ?