ከላይ የሚወርድ ግድግዳ

በአንድ ወቅት፣ ግድግዳ ከመሬት ወደ ላይ ማደጉ ቀርቶ በክሬን ተንጠልጥሎ ከላይ መውረድ በጀመረበት ጊዜ፣ ጓንጉል የሚባል ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲገነባ ኖሮ ጉልበቱ ዝሏል። ሦስት ታናናሾቹም ከእርሱ ጋር በአንድ ሕንፃ ላይ ይሠሩ ነበር። ደርሶ ወለሉ ላይ ቆሞ ለክሬኑ በክንዱ ምልክት ይሰጣል፤ ቢያድግልኝ ክሬኑን ይነዳል፤ እህታቸው ትሁኔ የወረደው ግድግዳ እስኪጸና ድረስ በእንጨት ትደግፋለች።

ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ አልቆ ስለሚመጣ ባሬላ መሸከም ቀርቷል፤ ለዚህ ትሁኔ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ድንጋይ እየተቀባበለ ሲቀላለድ የሚውለው ያ ሁሉ ሰውም አብሮ ቀርቷል፤ ለዚህ የሚያመሰግን የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጓንጉል ሊወርድ በተቃረበ ግድግዳ ሥር፣ በተነጠፈው የሲሚንቶ ጭቃ ላይ አንድ ጓል አየ። ግንበኛ ጓል አይቶ አያልፍም። ድሮ ባልደረባው ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ይይዝለትና እርሱ ጭቃውን በመዳፉ ይደለድል ነበር። እጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንደ ልማዱ ገባ። የሚወርደው ግን ሰው የያዘው ድንጋይ አልነበረም።

ደርሶ አየ። ሮጦ ወንድሙን ሊጎትት ልቡ ተነሣ፤ ከቦታው ከራቀ ግን ከላይ ያለው ሰው ዕውር እንደሚሆን ያውቃል። እግሩን ተክሎ ሁለት ክንዶቹን ዘረጋ፦ ቁም!

ትሁኔ ምልክት አልጠበቀችም። የያዘችውን አጣና በግድግዳው ጠርዝ ሥር ወሽቃ በትከሻዋ ደገፈችው። እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ ትከሻዋም ወለቀ። እስኪሰነጠቅ ድረስ ግን ግድግዳው ዘገየ።

ቢያድግልኝ ከተቀመጠበት ሆኖ የጓንጉልን እጅ ሊያይ አይችልም። ምልክቱ «ቁም» ይላል፤ ደንቡም ከምልክቱ እንዳይወጣ ያዘዋል። እርሱ ግን አቁሞ አልቀረም፤ ግድግዳውን መልሶ አነሣው።

የጓንጉል እጅ ተልጦ፣ ነገር ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ።

መሐንዲሱ አስጠራው። «ጋሽ ጓንጉል፣ ከእንግዲህ ይረፉ። ፋብሪካው ውስጥ ለእርስዎ ያሰብነውን ቦታ ከቤተሰብዎ ለመረጡት እንሰጣለን። አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ነገ ስሙን ይንገሩኝ።»

የፋብሪካው ሥራ መሬት ላይ ነው፤ ከጣሪያ በታች፣ ከሰው መካከል።

ማታ ጓንጉል ቤት ራት ቀረበ፤ ሦስቱም መሐንዲሱ ያለውን ሰምተዋል። ትሁኔን ወጌሻ አሽቷት ክንዷ በነጠላ ታስሯል።

«እኔ ደንግጬ ብሮጥ ኖሮ ወንድምጋሼ ዛሬ በግራው ይጎርስ ነበር» አለ ደርሶ።

«አንተማ እንደ ሐውልት ተገትረህ ነበር!» አለች ትሁኔ።

«ሐውልቱን አትናቂው። ቢያድግልኝ ከላይ ሆኖ የሚያየው እርሱን ብቻ ነው» አለ ደርሶ።

«አይቼማ ነው ያነሣሁት» አለ ቢያድግልኝ። «ክንድህን አውቀዋለሁ፤ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም። ነገሩ ከመቆም በላይ እንደሆነ ገባኝ።»

«እናንተ በክንድ ስታወጉ ግድግዳው በማን ትከሻ ላይ ነበር?»

ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። ጓንጉል ሦስቱንም ያውቃቸዋል። ደርሶ፣ በምልክቱ የወረደ ግድግዳ ሰው ላይ ሲያርፍ በሕልሙ እያየ ይባንናል። ቢያድግልኝ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ድምፅ ሳይሰማ ስለሚውል ጨዋታ እየራቀው ነው፤ ይህን ያህል ሲናገር ከሰሙት ቆይተዋል። ትሁኔ ገና ግድግዳ ባልቆመለት ወለል ጠርዝ ላይ ስትሠራ ራሷን ያዞራታል፤ ባሬላ ወዳልቀረበት ሌላ ሕንፃ እንዳይልኳት ፈርታ ከወንድምጋሼ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

«እኔ ብሄድ» አለ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢያድግልኝ የማንን ክንድ ያምናል?»

ቢያድግልኝ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። 

በማግስቱ ጓንጉል ከመሐንዲሱ ፊት ቆመ።

«እሺ ጋሽ ጓንጉል፣ ማን ይሁን?»

ስሙ ከአፉ ሳይወጣ እናንተ ፍረዱ፤ ያልተመረጡትን የሁለቱን ፊት ማታ የሚያየው እርሱ ነውና አትቸኩሉ። ልቡ ሩጥ ሲለው እግሩን የተከለው ደርሶ፣ ትከሻዋን ከግድግዳ በታች ያደረገችው ትሁኔ፣ ወይስ ምልክቱን ትቶ የወንድሙን ክንድ ያመነው ቢያድግልኝ፦ ቦታው ለማን ይገባል?